አስታማሚው ቢታመምስ? በወረርሽኝ ጊዜ ቤት ለሚያስታምሙ ጥያቄና መልስ

ሲስተር፦ ሰላም ለሁላችሁም። የማስታገሻ ሕክምና ነርስ ነኝ። መዳን የማይችል ሰው ሳይሰቃይ እንዲቆይ መርዳት ነው ሥራዬ። ሕመምተኛ ቤት ተኝቶ ውጭ ወረርሽኝ ሲኖር የሚያስጨንቃችሁን ጠይቁኝ። አንድ ነገር አስቀድሜ ላስጠንቅቅ፤ የታዘዘውን መድኃኒት በራሳችሁ አትጨምሩ፣ አትቀንሱ፣ በድንገትም አታቋርጡ።

የቤቱ ታናሽ፦ ሲስተር፣ አባታችን የሳንባ ካንሰር አለበት። ሞርፊን የሚባል ኃይለኛ የሕመም ማስታገሻ ታዞለታል። ታላቅ ወንድሜ ግን «በዚህ በሽታ ወቅት ትንፋሽ የሚያቆም ነገር አይሰጥም» ብሎ ደበቀው።

ሲስተር፦ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልመልስ፤ በየቤቱ ሰው በከንቱ የሚሰቃየው በዚህ ፍርሃት ነው። በሐኪም ተለክቶ የታዘዘ ሞርፊን ትንፋሽ አያቆምም። እንዲያውም በትንሽ መጠን ሲሰጥ የትንፋሽ ማጠርን ስሜት ያቀላል። ሰው አየር ያጣ ሲመስለው ይደነግጣል፣ ሲደነግጥ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፣ ከዚያ ይደክመውና ድንጋጤው ይብስበታል። ሞርፊኑ በዚህ መሃል ገብቶ ያረጋጋዋል። ሱሱም በዚህ ደረጃ ላይ ላሉ አባት የሚያሳስብ ነገር አይደለም።

ፈሳሹ ሞርፊን ብዙውን ጊዜ በየ4 ሰዓቱ ይሰጣል፤ ኃይሉ ከዚያ ብዙም አያልፍም። ሕመሙ እስኪያስጮኻቸው አትጠብቁ። በየ12 ሰዓቱ የሚዋጠው እንክብል ደግሞ ፈጽሞ አይፈጭም፣ አይታኘክም። ከተፈጨ የ12 ሰዓቱ መድኃኒት በአንዴ ይለቀቅና ያኔ በእርግጥ አደጋ ይሆናል። ሞርፊን ሆድ ያደርቃል፤ የሆድ ማለስለሻ አብሮ ካልታዘዘ ጠይቁ። ኩላሊታቸው ደካማ ከሆነ መድኃኒቱ ይጠራቀማል። እጅ እግራቸው በድንገት ደጋግሞ ካስፈነጠራቸው፣ አልነቃ ካሉ ወይም ትንፋሻቸው በጣም ከዘገየ ሳትውሉ ሳታድሩ ለሐኪሙ ደውሉ። እንቅስቃሴ ሊገደብ ስለሚችልም ጠርሙሱ ሳያልቅ ቀድማችሁ አሳዝዙ። ወንድምሽን ከሐኪሙ ጋር በስልክ አገናኚው። የሚፈራው አባቱን ስለሚወድ ነው።

ጭንቅ ላይ ነኝ፦ እናቴ ደህና አይደለችም። ምን ላድርግ?

ሲስተር፦ ምኗን ነው ያመማት? ሕመሙ ምንድን ነው? ከመቼ ጀምሮ? ትኩሳት አላት? ምን ምን ትወስዳለች? «ደህና አይደለችም» ብቻ ብለሽ ልረዳሽ አልችልም እህቴ። ዘርዝረሽ ተመለሺ።

ባለተራ፦ ኦክስጅን ማሽን ካልገዛን ሞተን እንገኛለን ብለናል። ያስፈልጋል?

ሲስተር፦ በጣት መለኪያ የደማቸው ኦክስጅን ካልቀነሰ ማሽኑ ከተራ አየር የተሻለ እፎይታ አይሰጥም። ከፍ አድርጋችሁ በትራስ ደግፏቸው። መስኮት ክፈቱ። ትንሽ የእጅ ማራገቢያ ጉንጫቸውና አፍንጫቸው ላይ ሲነፍስ ብዙዎችን ያሳርፋል፤ ፊት ላይ የሚያርፍ ቀዝቃዛ አየር የትንፋሽ ማጠሩን ስሜት ይቀንሳል። ነገር ግን ክፍሉ ውስጥ ቫይረሱ ይኖርበታል የምትሉት ሰው ካለ ማራገቢያ አትጠቀሙ፤ ቫይረሱን ይበትነዋል። ያኔ በቀዝቃዛ ውኃ የተነከረ ጨርቅ ፊታቸው ላይ አሳርፉ።

ቆራጥ፦ ከሁሉም በላይ በር መዝጋት ነው። እኛ ቤት ሰው አይገባም። አለቀ።

እታለም፦ አንተ ከበሽታ ጠበቅኩ ትላለህ፣ አክስቴ ግን ልጆቿን እንደናፈቀች አለፈች። ከምን ነው የጠበቅናት?

ቆራጥ፦ ቫይረሱን ይዘውባት ቢገቡ ደግሞ ማን ይጠየቃል?

የቤቱ ታናሽ፦ ለእኛ አባት እኮ ወንድሙ በወረርሽኙ መሞቱን ራሱ አልነገርነውም…

እታለም፦ ይሄማ ግፍ ነው! ሲጠይቅ ምን ትሉታላችሁ?

ሲስተር፦ ቆይ፣ ቆይ። ሁለት ነገር አደባለቃችሁ። ስለ መርዶው፦ ከጠየቁ አትዋሿቸው፣ ካልጠየቁ አታስገድዷቸው። ስለ ጉብኝት፦ እንግሊዛዊቷ ሐኪም ሲሲሊ ሳንደርስ በ1967 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ሆስፒስ፣ ማለትም መዳን የማይችሉ ሕሙማን የሚታከሙበት ቤት፣ የከፈተችው፣ የሚሞት ሰው ሕመም የሥጋ ብቻ አይደለም ብላ ነው። ብቸኝነትም ሕመም ነው። በ2020 በኮቪድ በብዙ አገር ሆስፒታሎች በር ተዘግቶ ሰው በስልክ ተሰናብቷል። ያ ቁጭት እስከ ዛሬ ያልወጣለት ቤተሰብ አለ። ስለዚህ አንድ አንድ ሰው፣ ምንም ምልክት የሌለው፣ ማስክ አድርጎ፣ እጁን ታጥቦ፣ መስኮት ተከፍቶ፣ ለአጭር ጊዜ ይግባ። ዕድሜ የቀረው በቀናት ከሆነ ደግሞ ሚዛኑ ወደ መግባት ያጋድላል። ቆራጥ፣ ስጋትህ ልክ ነው። አለቀ ግን አይባልም።

አሰፋ ነኝ፦ ሕመሙ ስለበረታበት ሞርፊኑን እጥፍ ላድርግለት?

ሲስተር፦ መጀመሪያ ላይ የጻፍኩት ይሄንኑ ነው። አይሆንም። ለሐኪሙ አሁኑኑ ደውል። በመደበኛው ሰዓት መሃል ለሚመጣ ሕመም የሚሰጥ ተጨማሪ መጠን አለ፤ እሱን ይዘዝልህ።

ጥሩ ልጅ፦ ምግብ አልበላም አለች። አቅም ካላገኘች ቫይረሱ አይጥላትም?

ሲስተር፦ በመጨረሻው ጊዜ ሰውነት ራሱ ምግብ ይተዋል። አታስገድዷት፤ ትን ሊላት ይችላል። መዋጥ ካቆመች ውኃ አፏ ውስጥ አታፍስሱ። ንጹሕ ጨርቅ አርጥበሽ ከንፈሯን፣ የጉንጯን ውስጥና ምላሷን በየጊዜው ቀስ አድርገሽ አብሺላት። የሚያስቸግራት ከረሃቡ ይልቅ የአፍ መድረቅ ነው።

ባለተራ፦ ስለ ውርስ ወረቀቱስ…

ሲስተር፦ ለእሱ የሕግ ሰው ጠይቅ።

ብቻዬን ነኝ፦ ሲስተር፣ ባለቤቴን የማስታምመው እኔ ነኝ። ዛሬ ማታ ትኩሳት ያዘኝ። ሌላ ሰው የለም።

ሲስተር፦ እህቴ፣ ለሁላችሁም ስፈራው የነበረው ይሄ ነው። ሁለተኛ ሰው ሳይዘጋጅ ማስታመም አይጀመርም፤ እሱን ግን ነገ እናወራለን። አሁን ማስክ አድርጊ፤ ኤን95 የሚባለው አየር በደንብ የሚያጣራ ማስክ ካለሽ እሱን። መስኮቱን ክፈቺ። ራቅ ብለሽ ሌላ ክፍል ተኚ፤ እየገባሽ ማገላበጡንና መድኃኒቱን ብቻ ፈጽመሽ ውጪ። ባለቤትሽን በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ ካልቻልሽ ትራስ ከጎኑ ሸጉጪለትና ትንሽ አዘንብዪው፤ ተረከዙ ፍራሽ እንዳይነካ። የመድኃኒቱን ስም፣ መጠንና ሰዓት፣ የሐኪሙን ስልክ አንድ ወረቀት ላይ ጻፊና በር ላይ ለጥፊ፤ አንቺ ብትወድቂ የሚገባው ሰው እንዳይደናበር። ከዚያ ለሐኪሙ ደውለሽ «አስታማሚዋ ታምሜያለሁ» በዪ። እንደሱ ብለሽ በግልጽ ተናገሪ፤ ስለ እሱ ብቻ አታውሪ።

ብቻዬን ነኝ፦ ጽፌ ለጠፍኩ። እህቱን ልጥራት?

ሲስተር፦ ጥሪያት። ሰላም ከሆነችና ማስክ ካደረገች ትግባ። ትኩሳትሽን ለክተሽ ስንት እንደሆነ ንገሪኝ፤ እዚሁ ነኝ።