ካሴቱ የአባቴ ነው፤ ድራማውስ የማን ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከጎንደር ነው። አባቴ በ1983 እና በ1984 ዓ.ም. በቴሌቪዥን ይተላለፍ የነበረ አንድ ተከታታይ ድራማ በጣም ይወድ ነበር። ቴፑን ቴሌቪዥኑ አጠገብ እያስቀመጠ ድምፁን በካሴት ይቀዳ ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ ካሴቶቹን ሳጥን ውስጥ አገኘኋቸው። ድራማውን ያስተላለፈውን ጣቢያ ስጠይቅ፣ በዋናው ቴፕ ላይ ሌላ ፕሮግራም ስለተቀዳበት ምስሉ የለም አሉኝ። አሁን ድምፁን አጽድቼ፣ ንግግር በሌለበት ቦታ የሚታየውን ራሴ እየተረክሁ ዩቲዩብ ላይ ልጭነው አስቤያለሁ። ለሚፈልግም በፍላሽ እየገለበጥሁ ፒያሳ ላይ ልሸጥ። ጓደኞቼ «ምስሉን ስላልነካህ ችግር የለውም» ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ በቅድሚያ አባትዎን ነፍስ ይማር። ያቆዩት ነገር ቀላል አይደለም። ጣቢያው ያጠፋውን ሥራ ድምፁን ብቻም ቢሆን ያተረፉት እሳቸው ናቸው።

ይህ በሌላ አገርም ሆኗል። ቢቢሲ «ዶክተር ሁ» የተባለውን ተከታታይ ድራማ በ1963 እ.ኤ.አ. ጀመረ። በዚያ ዘመን ቴፕ ውድ ነበር። የታየ ፕሮግራም ተመልሶ ይፈለጋል ብሎ ያሰበም አልነበረም። ስለዚህ ቴፖቹ እየተደመሰሱ ሌላ ተቀዳባቸው። ከ90 በላይ የሆኑ ክፍሎች ምስላቸው ዛሬም የለም። የሁሉም ድምፅ ግን አለ። እንደ አባትዎ ያሉ ተመልካቾች ቤታቸው ቁጭ ብለው ቀድተውታል። በኋላ እነዚህ ቅጂዎች ጸድተው፣ ዝም ያለው ቦታ በተራኪ ተሞልቶ፣ በካሴትና በሲዲ ወጡ። ብዙ ጊዜ የሚተርኩትም በድራማው የተጫወቱት ተዋንያን ነበሩ።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ። ያሳተመው ራሱ ቢቢሲ ነው። የቀዱት ተመልካቾች ድምፁን አተረፉ፣ ባለመብቱ አወጣው። ለእርስዎም የምመክረው ይህንኑ መንገድ ነው።

አሁን ወደ እኛ ሕግ እንምጣ። ጉዳዩ የሚታየው በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ነው። የጓደኞችዎ ምክር ትክክል አይደለም። ድምፁ የድራማው አካል ነው። ደራሲው የጻፈው ንግግር እዚያ ውስጥ አለ፤ የተዋንያኑ ድምፅ አለ፤ ሙዚቃውም አለ። ምስሉ ስለጠፋ የእነዚህ ሰዎች መብት አብሮ አይጠፋም። ካሴቱ፣ ማለትም ፕላስቲኩና ክሩ፣ የአባትዎ ንብረት ነበር። ድራማው ግን አንድ ቀንም የእሳቸው ሆኖ አያውቅም።

ታዲያ አባትዎ ጥፋት ሠርተዋል? አልሠሩም። አዋጁ ለሕዝብ የወጣን ሥራ አንድ ግለሰብ ለራሱ መገልገያ ብቻ አንድ ቅጂ ቢያባዛ ባለመብቱ ሊከለክለው እንደማይችል ይናገራል። ከቤተሰብ ጋር ቁጭ ብሎ መስማትም የሚያስጠይቅ አይደለም። ዩቲዩብ ላይ ሲጭኑትና ፍላሽ ሲሸጡ ግን ነገሩ ከ«ለራሴ» ወጥቶ ወደ ሕዝብ ይሄዳል። ያለፈቃድ ከሆነ ካሳ ያስከፍላል፤ እስር ያለበት የወንጀል ክስም ሊከተል ይችላል።

ፈቃድ የሚጠየቀው ማነው? ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ጣቢያው ከፈቀደልኝ አለቀ» ይላል። ጣቢያው በማስተላለፉ ብቻ ያገኘው መብት የሚቆየው ከተላለፈበት ጊዜ ጀምሮ ለ20 ዓመት ነው። የእርስዎ ድራማ ይህን አልፏል። የድራማው የራሱ የኢኮኖሚ መብት፣ ማለትም አባዝቶና ሸጦ የመጠቀም መብት፣ ግን 50 ዓመት ይቆያል። በ1983 የወጣው ክፍል ቢያንስ እስከ 2033 ዓ.ም. ድረስ ባለቤት አለው ማለት ነው። ይህ መብት በውል ሌላ ካልተባለ በቀር የፕሮዲዩሰሩ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጣራው ድራማውን ያዘጋጀው ማን እንደነበር ነው። ጣቢያው በራሱ ሠራተኞች ሠርቶት ከሆነ ፕሮዲዩሰሩም እሱ ነው፤ ደብዳቤዎን ለእሱ ይጽፋሉ። የግል አዘጋጅ ከነበረ እሱን፣ ካረፈም ወራሾቹን ይፈልጋሉ።

ደራሲውንና የሙዚቃውን ባለቤት እንዳይዘሉ። ድርሻቸው ከድራማው ተነጥሎ ሊሠራበት የሚችል ከሆነ በዚያ ላይ ያላቸው መብት አይጠፋም። የተዋንያኑም መብት እንዲሁ 50 ዓመት ይጠበቃል። ፈልጌ አላገኘሁትም ማለት ፈቀደልኝ ማለት አይደለም።

እርስዎ የሚጨምሩት ትረካም ፈቃድ ይፈልጋል፤ የሰውን ሥራ መለወጥ ነውና። ደራሲው ስሙ እንዲጠራለት፣ ክብሩን በሚነካ መንገድም ሥራው እንዳይለወጥ የሞራል መብት አለው። ሲያርፍ ይህ መብት ወደ ወራሾቹ ይሄዳል። እኔ ብሆን የትረካውን ጽሑፍ ከመቅዳቴ በፊት አስነብባቸው ነበር። በሕይወት ካለ ተዋናይ አንዱ ቢተርከውማ እንዴት ያምር ነበር!

የሚያገኙት ፈቃድ በጽሑፍ ይሁን። በስልክ «ይቅናህ» መባል ፍርድ ቤት ፊት አያዋጣም። የትኞቹ ክፍሎች፣ የት እንደሚወጡ፣ ለስንት ጊዜ፣ ገቢ ቢኖር እንዴት እንደሚካፈል በግልጽ ይጻፍ። ፍላሽ መሸጡን ግን ለጊዜው ይተዉት። ሽያጭ የገባበት ጥያቄ ሰውን ያስጠረጥራል፤ በቅን ልብ የጀመሩትንም ያበላሽብዎታል።

ያልጠየቁኝ አንድ ነገር ልጨምር። እህት ወንድም አለዎት? ካሴቶቹ የውርስ ንብረት ናቸው። ውርሱ እስኪከፋፈል የሁላችሁም የጋራ ናቸው። ሥራውን ከመጀመርዎ በፊት አነጋግሯቸውና ስምምነታቸውን በጽሑፍ ያድርጉት። ከውጭ ሰው ክስ ይልቅ የወንድማማች ጠብ ብዙ መልካም ሥራ ሲያስቀር አይቻለሁ።

አንድ ሥራ ግን ዛሬውኑ ይጀምሩ። ፈቃድ እስኪገኝ ክሩ አይጠብቅም። ለራስዎ ወደ ኮምፒውተር ያስገቡት። ባገኙት አሮጌ ቴፕ አያጫውቱት፤ ክር ይበላል። «ሄዱ»፣ ማለትም ክሩን የሚያነበው ክፍል፣ በአልኮል የጸዳ ደህና ማጫወቻ ይፈልጉ። መጀመሪያ ምንም ሳይነኩ እንዳለ ይቅዱትና ያንን ለብቻው ያስቀምጡት፤ ማጽዳቱን በሌላ ቅጂ ላይ ይሥሩ። አባትዎ በካሴቱ ሽፋን ላይ ቀን ወይም የክፍል ቁጥር ጽፈው ከሆነ ፎቶ ያንሱት፤ መቼ እንደተላለፈ ለማስረዳት ይጠቅምዎታል።

ለፕሮዲዩሰሩ በሚጽፉት ደብዳቤ ላይ «የጠፋባችሁ ክፍል ድምፁ እኔ ዘንድ አለ» ብለው ይጀምሩ። በእጅዎ ያለው እነሱ የሌላቸው ነገር ነው፤ ለመደራደር ትልቅ አቅም ይሰጥዎታል። አንድ ቅጂም ለኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት እንዲገባ አብረው ይጠይቁ። ጠበቃ ለመያዝ አቅም ካጠረዎት በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ሲሄዱ የወራሽነት ማስረጃዎንና ከጣቢያው የተጻፈልዎት ነገር ካለ እሱን ይያዙ። የሰጡዎት መልስ በቃል ብቻ ከነበረ በጽሑፍ እንዲሰጡዎት አሁኑኑ ያመልክቱ።