የኦፊስ ሪፔር ሲደበዝዝ ወይም ጭራሽ ሲጠፋ

ከሐይቅ ከተማ ለጠየቅሽው እህቴ፦ ጥያቄሽን እንደተረዳሁት የጽሕፈት ቤትሽ ሁለቱም ኮምፒውተሮች ላይ ዎርድ ሲከፈት ስታክ ያደርጋል። ኦፊስ 2010 ያለበት አሮጌው ላይ ኮንትሮል ፓናል ውስጥ ወደ ሪፔር የሚያስገባው ቼንጅ የሚለው የለም፣ ሴቲንግ ውስጥ ደግሞ ሞዲፋይ ደብዝዞ አይነካም። ኦፊስ 2021 ያለበት ሪፔር ይጀምርና ኢረር ይሰጣል። ደሴ ወስደሽ ፎርማት ልታስደርጊ አስበሻል። ተይው፣ ለዚህ ፎርማት አያስፈልግም።

መጀመሪያ ግን ሪፔር ራሱ ያስፈልግሽ እንደሆነ እዪ። ሪፔር የሚያስተካክለው የፕሮግራሙን ፋይሎች ነው። ዎርድ ሲከፈት የሚንቀራፈፈው ደግሞ ብዙ ጊዜ በአድ ኢን (ዎርድ ላይ በተቀጠለ ተጨማሪ ፕሮግራም)፣ በኖርማል ቴምፕሌት (ዎርድ ለአዲስ ሰነድ መነሻ በሚያደርገው ፋይል) ወይም በፕሪንተር ምክንያት ነው፤ ሪፔር ኖርማልንም ሆነ ፕሪንተርሽን አይነካም። ስለዚህ ኮንትሮል ቁልፍን ተጭነሽ እንደያዝሽ የዎርድን አይከን ክፈቺ፤ በሴፍ ሞድ (ያለ አድ ኢን) ልክፈት ወይ ሲልሽ የስ በዪ። በሴፍ ሞድ ቶሎ ከተከፈተ የፕሮግራሙ ፋይል ጤነኛ ሳይሆን አይቀርም። ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ አድ ኢንስ ግቢና ከታች ኮም አድ ኢንስ መርጠሽ ጎ በዪ፤ ምልክቶቹን አንድ በአንድ እያነሳሽ ዎርድን ዝጊና ክፈቺ። የፒዲኤፍ መቀየሪያዎችን አስቀድሚ፣ እነሱ ናቸው በብዛት የሚያስቸግሩት።

አድ ኢን ካልሆነ ዎርድን ሙሉ በሙሉ ዝጊና የዊንዶውስ ቁልፍን ከአር ጋር ተጭነሽ በሚመጣው ሳጥን አፕዳታ የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በፊቱም በኋላውም % አድርገሽ ጻፊ። ማይክሮሶፍት፣ ከዚያ ቴምፕሌትስ የሚለው ፎልደር ውስጥ ኖርማል የሚለውን ፋይል ስሙን ቀይሪው እንጂ አታጥፊው። ዎርድ ሲከፈት አዲስ ይሠራል። የምታጪው ነገር አለ፦ ማክሮዎችሽና ዲፎልት ያደረግሽው የአማርኛ ፎንት እዚያው አሮጌው ፋይል ውስጥ ይቀራሉ፤ ፎንቱን እንደገና ሴት አስ ዲፎልት ትያለሽ።

ፕሪንተሩን ብዙ ሰው አይጠረጥርም። ዎርድ ሲነሳ ዲፎልት ፕሪንተሩን ይጠይቃል፤ በኔትዎርክ የተያያዘው ፕሪንተር ከጠፋ ወይም ፕሪንተሩ የተሰካበት ሌላኛው ኮምፒውተር ካልበራ መልስ እየጠበቀ ይቆማል። ሁለቱም ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት ችግር ማሳየታቸው እኔን ወደዚህ ነው የሚመራኝ። ለሙከራ ዲፎልቱን ማይክሮሶፍት ፕሪንት ቱ ፒዲኤፍ አድርጊው። ዊንዶውስ ራሱ ዲፎልት ይምረጥ የሚለውን ምልክትም አንሺ፣ አለዚያ መልሶ ይቀይርብሻል።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልሆነ ነው ወደ ሪፔር የምንሄደው። የአሮጌው ኮምፒውተር ነገር ይኸው፦ ቼንጅ አለመኖሩና ሞዲፋይ መደብዘዙ ሁለት ችግር አይደለም። ኮንትሮል ፓናል ይደብቀዋል፣ ሴቲንግ ያደበዝዘዋል፣ ምክንያቱ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ሬጅስትሪ (ዊንዶውስ የፕሮግራሞችን ቅንብር የሚያስቀምጥበት መዝገብ) ውስጥ አንኢንስታል በሚለው ክፍል በኦፊስ ስም ሥር ኖ ሞዲፋይ የሚባል ቫልዩ 1 ሆኖ ተቀምጧል። ኦፊሱ 32 ቢት፣ ዊንዶውሱ 64 ቢት ከሆነ የምታገኚው ዋው 6432 ኖድ ውስጥ ባለው አንኢንስታል ነው። የ2010 ፎልደር ስሙ ኦፊስ 14 ብሎ ይጀምራል። ከመንካትሽ በፊት በቀኝ ክሊክ ኤክስፖርት አድርጊና 1ዱን ወደ 0 ቀይሪ። እንደ አድሚን መግባት አለብሽ።

ሬጅስትሪ ካስፈራሽ (ቢያስፈራ አይፈረድብሽም) ቀላል መንገድ አለ፦ ኦፊሱ የተጫነበትን ፎልደር ከፍላሽ ላይ ከፍተሽ ሴትአፕ የሚለውን አስነሺ፤ አድ ኦር ሪሙቭ፣ ሪፔር፣ ሪሙቭ ብሎ ይጠይቅሻል። ያ ቫልዩ የሚደብቀው በተኑን ብቻ ስለሆነ ሴትአፑን አያግደውም። እትሙ ግን አንድ መሆን አለበት፤ ፕሮፌሽናል ፕላስ በስታንዳርድ ሴትአፕ አይጠገንም፣ 32 ቢቱም በ64 አይሆንም። ሪፔሩ መሐል ላይ ሶርስ አምጪ ካለሽ አንድ ሰው ቦታ ለማስለቀቅ ብሎ ኤምኤስኦካሽ የሚባለውን ድብቅ ፎልደር አጥፍቶት ሊሆን ይችላል፤ ያንኑ የፍላሽ ፎልደር አሳዪው። ዊንዶውስ ኢንስታለር የሚለው ሰርቪስ (ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም) ዲሴብልድ እንዳይሆንም እዪ፤ ማንዋል ቢል ትክክል ነው።

አዲሱ ኮምፒውተር ሌላ ዓይነት ነው። ዎርድ ውስጥ ፋይል፣ አካውንት ስትገቢ አፕዴት ኦፕሽንስ የሚል ካለ ክሊክ ቱ ረን የሚባለው የአጫጫን ዓይነት ነው፤ ኦፊስ 2021 ሁሌም እንደዚያ ነው። የእሱ ሪፔር የሚሠራው በራሱ ሰርቪስ ነው። ዳታ ይበላል ተብሎ ይህን ሰርቪስ ዲሴብል ማድረግ የተለመደ ስለሆነ ኢረሩ ከዚያ ሊመጣ ይችላል። ሰርቪስስ ውስጥ ማይክሮሶፍት ኦፊስ ክሊክ ቱ ረን የሚለውን አውቶማቲክ አድርጊና ስታርት በዪ። ዳታሽን ለማዳን ሰርቪሱን መግደል አያስፈልግም፤ እዚያው አፕዴት ኦፕሽንስ ውስጥ ዲሴብል አፕዴትስ ማለት ይበቃል።

ከዚያ ኮንትሮል ፓናል ውስጥ ኦፊስን መርጠሽ ቼንጅ ስትዪ ሁለት ምርጫ ይመጣል። ክዊክ ሪፔርን ምረጪ፤ ኢንተርኔት አይፈልግም። ኦንላይን ሪፔርን በሞባይል ዳታ በፍጹም እንዳትነኪው። እሱ ኦፊሱን አንስቶ እንደ አዲስ ስለሚጭን ጊጋባይቶችን ያወርዳል፤ መሐል ላይ መብራት ወይም ኔትዎርክ ከሄደ ጭራሽ ዎርድ የሌለው ኮምፒውተር ይዘሽ ትቀሪያለሽ፣ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀሽ። ቢሳካም አክቲቬሽን ዳግም ሊጠይቅሽ ይችላል። የግድ ከሆነ ጥሩ ዋይፋይ ካለበት ቦታ፣ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሞልቶ፣ ካልሆነም ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚይዝ ባትሪ) ባለበት ይሁን።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ከታች ኮሜንት ላይ የመለሱልሽ ሰዎች ስላምታቱት። ኦፕን ኤንድ ሪፔር የሚሉሽ ሌላ ነው፤ እሱ የተበላሸ አንድ ሰነድን እንጂ ዎርድን አይጠግንም። የሚገኘውም ፋይል፣ ኦፕን፣ ብራውዝ ብለሽ ሰነዱን አንዴ ከመረጥሽ በኋላ ኦፕን ከሚለው ጎን ባለችው ትንሽ ቀስት ውስጥ ነው። የደንበኛ ፍላሽ ላይ ያለ ሰነድ ከሆነ መጀመሪያ ወደ ዴስክቶፕ ኮፒ አድርጊና ሳይዙን እዪ፤ 0 ኬቢ ከሆነ ውስጡ ምንም ስለሌለ የትኛውም ሪፔር አያወጣውም።

ሴፍ ሞዱንና ፕሪንተሩን ሞክረሽ ምን እንዳለሽ ጻፊልን፤ ኢረር ከመጣም ቁጥሩን ጨምሪበት።