ሁለት ቁጥር የሚበልጥ ጫማ ለምን ቶሎ ያልቃል?

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። የሰባት ዓመት ልጄ ሁለተኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤቱ ከጥቁር ጫማ ሌላ ስለማይፈቅድ በጳጉሜን ከመርካቶ ማሰሪያ የሌለው፣ ፊቱ ላይ የቢራቢሮ ጌጥ ያለው ጥቁር ጫማ ገዛሁላት። ዓመቱን ያደርሳታል ብዬ 33 ቁጥር ወሰድኩና ጫፉ ላይ ጥጥ ጎሰጎስኩበት። ኅዳር ሳያልቅ አፍንጫው ተፋቀ፣ ከላይ ተሰነጠቀ፣ ተረከዟ ቆሰለ፤ ስትሮጥም ትደናቀፋለች። አሁን ምን ዓይነት ልግዛላት? ቆዳ መሆን አለበት? አሮጌውንስ አሠርቼ ለአምስት ዓመቷ እህቷ ባቆየው ምን ይመስልዎታል?»

መልስ፦ እህቴ፣ የዘረዘሯቸው ችግሮች ሁሉ መነሻቸው አንድ ነው። ጫማው እግሯን አልያዘም። የቆዳውን ጉዳይ በኋላ እመለስበታለሁ፤ ምርጥ የበሬ ቆዳ ቢገዙላትም 33 ቁጥርና ማሰሪያ የሌለው እስከሆነ ድረስ ኅዳርን አይሻገርም ነበር።

ጫማ የሚሠራው በፎርማ፣ ማለትም እግር በሚመስል ጠንካራ ቅርጽ ላይ ነው። ቶማያው፣ ማለትም የጫማው የላይኛው ክፍል፣ በፎርማው ላይ ተወጥሮ ከሶሉ ጋር ይያያዛል። ፎርማው ደግሞ የአንድ የተወሰነ እግር ልክ ስለሆነ፣ ጫማው የት ላይ እንደሚታጠፍ ከወዲሁ ተወስኗል፤ ከጣቶች ሥር፣ እግር ሲራመድ በሚተጣጠፍበት መስመር ላይ ነው። በዚህ ዕድሜ የብዙ ልጆች እግር 19 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። የልጅዎ 19.5 ነው እንበል። የ33 ቁጥር የውስጥ ርዝመት 22 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ከጣቷ ፊት 2.5 ሴንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ይቀራል። የእግሯ መታጠፊያ ከጫማው መታጠፊያ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይቀራል ማለት ነው። እርሷ በአንድ በኩል ታጥፈዋለች፣ ጫማው በሌላ በኩል መታጠፍ ይፈልጋል፤ በዚህ ትግል መካከል ቶማያው ይሰነጠቃል። ባዶው አፍንጫ እግሯን ስታነሣ ዘግይቶ ስለሚነሣ ኮብልስቶኑን እየፋቀ ይሄዳል፤ የምትደናቀፈውም በእርሱ ነው። ተረከዙ በየእርምጃው ከፍ ዝቅ ሲል ቆዳዋን ያቆስላል። ጥጡም አልረዳም፤ እግሯን ይባስ ወደ ኋላ ገፋው እንጂ።

ስለዚህ መጀመሪያ ልኳን ይውሰዱ። ከሰዓት በኋላ ወይም ምሽት ላይ ይሁን፤ እግር ሲውል ትንሽ ያብጣል። የትምህርት ቤት ካልሲዋን አድርጋ፣ ተረከዟን ግድግዳ አስነክታ፣ ወረቀት ላይ ቀጥ ብላ ትቁም። ተቀምጣ የሚለካ ልክ ያጥራል፤ እግር ክብደት ሲያርፍበት ይረዝማልና። እርሳሱን ቀጥ አድርገው ይዘው ዙሪያውን ያስምሩ። ሁለቱንም እግር ይለኩና ትልቁን ይያዙ። ረጅሙን ጣት ልብ ይበሉ፤ ሁልጊዜ አውራ ጣት ላይሆን ይችላል።

አሁን ሒሳቡ። በየሱቁ የምናየው በአብዛኛው የአውሮፓ ቁጥር ነው። በዚህ አቆጣጠር አንድ ቁጥር የአንድ ሴንቲ ሜትር ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም 6.7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የእግሯን ርዝመት ወስደው 1.2 ሴንቲ ሜትር ይጨምሩበት፤ ይህ ጣቶቿ ስትራመድ ወደ ፊት የሚገፉበትና የምታድግበት ቦታ ነው። ድምሩን በ1.5 ያባዙት። 19.5 ሲደመር 1.2 ይሆናል 20.7፤ በ1.5 ሲባዛ 31። የልጅዎ ቁጥር 31 ነው ማለት ነው። በዚህ ዕድሜ እግር በዓመት ወደ አንድ ሴንቲ ሜትር ስለሚያድግ በመስከረም የተገዛ 31 እስከ መንፈቅ ዓመቱ እረፍት በደህና ያደርሳል፤ ከዚያ በኋላ እንደገና መለካት ነው። ወጪው ከከበደዎት 32 ይግዙና ከተረከዝ እስከ ጣት የሚደርስ ስስ ንጣፍ ከውስጥ ያስገቡበት፤ እግሯ ሲያድግ ያወጡታል። ከ32 በላይ ግን አይሂዱ።

ሻጩ «ይህ ፎርማው ትንሽ ነው፣ 33 ውሰጂ» ሊልዎት ይችላል፤ እውነቱንም ሊሆን ይችላል። ከቻይና የመጣው፣ ከቱርክ የመጣውና እዚሁ የተሠራው ቁጥራቸው አንድ ቢሆንም ልካቸው አይመሳሰልም። ስለዚህ ከክርክር ካርቶን ይሻላል። የጣት ስፋት ያለው ካርቶን በ20.7 ሴንቲ ሜትር ቆርጠው ይያዙ። ጫማው ውስጥ ሲያስገቡት ካልታጠፈና ከጫፉ ፊት ከግማሽ ሴንቲ ሜትር በላይ ካልተረፈ፣ ሶሉ ላይ የተጻፈው ምንም ይሁን ምን፣ ልኳ ነው። አፍንጫው ሾጠጥ ባለ ጫማ ግን ይህ ያታልላል፤ ካርቶኑ የልጅቱ ጣት ከማይደርስበት ጫፍ ይገባል። ለእንዲህ ዓይነቱ ወረቀት ላይ ያሰመሩትን የእግር ቅርጽ ቆርጠው ያስገቡ። ጠርዙ ከታጠፈ ጫማው ጠባብ ነው፤ ይተዉት።

ስለ ሴት ልጆች ጫማ የምለው አለኝ። በሱቅ መደርደሪያ «የሴት ልጅ የትምህርት ቤት ጫማ» ተብሎ የሚቀመጠው በአብዛኛው የሠርግና የበዓል ጫማ ነው፤ ጥቁር ስለተቀባ ብቻ የትምህርት ቤት ሆኗል። አፉ ሰፊ ነው፣ ጎኑ ዝቅ ያለ ነው፣ ሶሉ ስስና ለስላሳ ነው። ለሁለት ሰዓት ፎቶ ይበቃል። ልጅቱ ግን በቀን ሰባትና ስምንት ሰዓት ታደርገዋለች፤ ገመድ ትዘላለች፣ ትሮጣለች። በዚያው ሱቅ የወንዶቹ መደርደሪያ ላይ ያለው ጫማ ጎኑ ከፍ ያለ፣ ማሰሪያ ያለው፣ ሶሉም የተቦረቦረ ነው። ሴት ልጅ ከወንድ ልጅ የተለየ ሩጫ አትሮጥም። እኔ ብሆን ከወንዶቹ መደርደሪያ አነሣለሁ፤ የትምህርት ቤቱ ደንብ የሚጠይቀው ጥቁርነቱን እንጂ ቢራቢሮውን አይደለም። ልጅቱ ቢራቢሮዋን ካልተወች ደግሞ ማንኛውም ጫማ ሰፊ በሁለት መርፌ ይሰፋላታል።

ያም ሆኖ የሴቶቹን ከፈለጉ፣ የእግሯን ጀርባ ከላይ የሚሻገር ሰፊ ማሰሪያ ያለውን ይምረጡ። ማሰሪያው ከቶማያው ጠርዝ ላይ ብቻ የተሰፋ ከሆነ በሳምንታት ውስጥ ይበጠሳል፤ በቶማያውና በገበሩ መካከል ገብቶ የተሰፋ መሆኑን በጣትዎ ከውስጥ ዳብሰው ያረጋግጡ። ዘለበት ለሰባት ዓመት ልጅ ያስቸግራል፤ ካሰረችው ላትፈታው ነው፣ ሳትፈታውም ተረከዙን ረግጣ ታወልቀዋለች። ተለጣፊው ማሰሪያ ይቀላታል፤ ጭቃና ክር ሲሞላው እንዳይለቅ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጥረጉት። ክር ማሰር ከቻለች ግን ከሁሉም የተሻለው እርሱ ነው፤ ለቀጭኑም ለወፍራሙም እግር ልኩን ያገኛል።

ሱቅ ውስጥ ሻጩ ስለ ዋጋ ሲያወራ እጅዎ ሥራ ላይ ይሁን። ተረከዙን በአንድ እጅ ይዘው በሌላው አፍንጫውን ወደ ላይ ይግፉት። ከፊት አንድ ሦስተኛው ላይ ከታጠፈ ደህና ነው። መሐሉ ላይ ከታጠፈ ውስጡ ደጋፊ የለውም። ጨርሶ ካልታጠፈ ደግሞ ልጅቱ እግሯን እየጎተተች ትሄዳለች። ከዚያ የተረከዙን ኋላ በአውራ ጣትዎ ይጫኑ። በቶማያውና በገበሩ መካከል የሚገባው ማጠንከሪያ ጥሩ ከሆነ ይቋቋምዎታል፤ ቶሎ ከሰመጠ ስስ ካርቶን ነው፣ በአንድ ዝናብ ይሟሟል።

በነሐሴ መጨረሻ በቅናሽ የሚሸጥ ጫማ ሲያገኙ ሶሉን በጥፍርዎ ይጫኑት። ቀለል ያለው፣ አረፋ የመሰለው ፖሊዩሪቴን የሚባለው ሶል፣ ሳይደረግ መጋዘን ውስጥ ቢቀመጥም እርጥበት ለዓመታት እየበላው ይሄዳል። ላዩ አዲስ ይመስላል፤ በተደረገ በሳምንቱ እንደ ድርቆሽ ይፈረፈራል። ይህን ማንም ጫማ ሰፊ አይጠግነውም፤ ሶሉን መቀየር ብቻ ነው መፍትሔው።

አሁን ወደ ቆዳው። አዎ፣ ቆዳ ይሻላል። የሚሻልበት ዋናው ምክንያት ይተነፍሳል፣ እግሯ ላይ ሲውል ቅርጿን ይይዛል፣ ሲፋቅም በቀለም ይመለሳል። ሰው ሠራሹ ላዩ ፕላስቲክ ታቹ ጨርቅ ስለሆነ መታጠፊያው ላይ ይላጣል፤ የተላጠን ደግሞ የኪዊ ቀለም አያድነውም። የሚያብረቀርቀው ጥቁር፣ ቆዳም ቢሆን፣ ላዩ በፕላስቲክ የተሸፈነ በመሆኑ ለትምህርት ቤት አይሆንም። ለመለየት ቆዳው የተቆረጠበትን ጠርዝ ይፈልጉ። በማሰሪያው ቀዳዳ በኩል ይታያል፤ እንደ ቃጫ የተወሳሰበ ጭረት ካዩ ቆዳ ነው፣ ልሙጥ ንብርብርና ጨርቅ ካዩ አይደለም። አንዳንድ ሻጭ ላይተር አብርቶ ላዩ ላይ ያሳልፋል፤ ምንም አያረጋግጥም። እሳቱ ፈጥኖ ካለፈ ሰው ሠራሹም አይቃጠልም፣ ከቆየ ቆዳውም ይቃጠላል። ገንዘብዎ ውስን ከሆነ ግን ልኩ ትክክል የሆነ፣ የሚታሰርና ጠንካራ ሶል ያለው ሰው ሠራሽ ጫማ፣ ከሰፊ የቆዳ ጫማ ይበልጣል።

ሱቅ የሚስማማዎትን ካጡ መርካቶ ሸራ ተራ ወርደው ያሠሩ። በእነዚያ ትንንሽ መሥሪያዎች አንዱ ቶማያ ይቆርጣል፣ አንዱ ይሰፋል፣ አንዱ በፎርማ ይወጥራል። ያሰመሩትን ወረቀት ይዘው ይሂዱና በ31 ፎርማ የበሬ ቆዳ፣ የቆዳ ገበር፣ የጎማ ሶል ይበሏቸው። መስከረም ሲደርስ ግን ፋታ የላቸውም፤ በሰኔ ወይም በሐምሌ ይዘዙ።

የትኛውንም ቢገዙ፣ ልጅቱ ከማድረጓ በፊት ጫማ ሰፊ ጋ ይውሰዱት። አብዛኛው ሶል የተያያዘው በማስቲሽ ብቻ ነው፤ መጀመሪያ የሚለቀው ከአፍንጫው ነው። ሶሉ ወደ ላይ የወጣ ጠርዝ ካለው፣ ዙሪያውን ሰም በተቀባ የናይለን ክር በወስፌ እንዲሰፋልዎ ያድርጉ። ጫማው ከተላቀቀና ጭቃ ከገባበት በኋላ መስፋት ይቻላል፤ ግን ማስቲሹ እንደ መጀመሪያው አይዝም። ሲሰፋ አጠገቡ ይቁሙ። ክሩ ከውስጥ በኩል ጉብ ብሎ ከቀረ እግሯን ይበላታል፤ በመዶሻ እንዲያስተኛው ይንገሩት።

ዝናብ ሲመታው ከሰል አጠገብ ወይም ምድጃ ላይ አያድርቁት። ማስቲሽ በሙቀት ይለቃል፣ ቆዳውም ይጨማደዳል። ጭቃውን በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ፣ ንጣፉን ያውጡ፣ ውስጡን በጋዜጣ ይሙሉት፣ ጋዜጣው ሲርስ ይቀይሩት። ቀለም የሚቀባው ጭቃው ከለቀቀና ጫማው ከደረቀ በኋላ ነው። የስፖርት ቀን ካላት ሸራ ጫማ ያድርጉላት፤ ቆዳው የአንድ ቀን እረፍት ካገኘ ላቡ ይወጣለታል።

የታናሿ ነገር። የእህት ጫማ መውረስ ነውር የለውም፤ ይህኛውን ግን አልመክርም። መታጠፊያው ላይ የተሰነጠቀ ቶማያ ከውስጥ ቢለጠፍበት እንኳ የልጠፋው ጠርዝ ጣቶቿን ይፈትጋቸዋል። 33 ደግሞ ለአምስት ዓመት ልጅ የሩቅ ጊዜ ቁጥር ነው። ወደፊት ከታላቋ የሚተርፍ ጫማ ሲኖር ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው በዓይንዎ ትክክል ከኋላ ይዩት። ተረከዙ ቀጥ ብሎ ከቆመና ሶሉ በሁለቱም ጎን እኩል ካለቀ፣ ንጣፉን ቀይረው ይስጧት። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ የታላቋን አረጋገጥ ይዟል፤ ታናሿንም በዚያው ያስኬዳታል። የአሁኑን አሮጌ ጫማ ከመጣልዎ በፊት ለጫማ ሰፊው ያሳዩት፤ ጎማው ካላለቀ ለሌላ ጫማ ታኮ ሊቆርጥበት ይችላል። ቢራቢሮውንም አስነቅለው ለአዲሱ ያስቀምጡላት።