ስክሪኑን ከመግዛትህ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። የመኪናህ ቴፕ ከሲዲና ከሬዲዮ ሌላ የማያውቅ የድሮ ነው። ስክሪን ያለው አዲስ ቴፕ የሚሸጥልህ ሰው ደግሞ «ባለ 10 ኢንች አንድሮይድ፣ 8 ኮር፣ ናቪጌሽን ያለው፣ 4 በ60 ዋት» እያለ ልብህን አማልሎታል። ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ፣ ራሴስ መግጠም እችላለሁ ወይ ነው ያልከው። ለራሴም ለዘመድ ወዳጅም ብዙ ቴፕ አውርጄ ስለሰቀልኩ ትንሽ ይረዝምብሃል፤ ታገሰኝ።

እኔ ብሆን ናቪጌሽኑን ለስልኬ እተወዋለሁ፤ ጥሩ ድምፅ ደግሞ ከስፒከር ነው የምፈልገው። ስክሪኑ ሁለቱን የሚያገናኝ መስኮት ብቻ ይሁን። እንደዛ ካሰብክ ባለ 10 ኢንቹን ትተህ ደህና ስም ያለው፣ ካርፕሌይና አንድሮይድ አውቶ (የአይፎንና የአንድሮይድ ስልክህን ካርታና ሙዚቃ ቴፑ ስክሪን ላይ የሚያወጡ) የሚሠራ ባለ 7 ኢንች ትገዛለህ። የሚተርፈው ገንዘብ በሮቹ ላይ ወዳሉት ስፒከሮች ይሄዳል።

መጀመሪያ ያቺን «4 በ60» እንያት፤ ለአራት ስፒከር ለእያንዳንዱ 60 ዋት ማለቱ ነው። ሞተር ሲሠራ የመኪና ኤሌክትሪክ 14 ቮልት ተኩል ገደማ ነው። ተራ ቴፕ ውስጥ ያለችው አምፕሊፋየር (አምፕ፣ ድምፅ ማጉያዋ) ከዚያ በላይ ቮልት ማምጫ የላትም። በዚህ ቮልት ባለ 4 ኦም ስፒከር ላይ የሚወጣው ንጹሕ ኃይል ቢበዛ 26 ዋት ገደማ ነው፤ በተግባር ከ15 እስከ 20 ቢሆን ነው። ካርቶኑ ላይ 45 ተጻፈ፣ 60 ተጻፈ፣ ጆሮህ ልዩነቱን አያገኘውም። ማየት ያለብህ «አርኤምኤስ» የሚለውን፣ ሳያቋርጥ የሚሰጠውን ኃይል የሚነግርህን ቁጥር ነው። እሱ ከሌለ ሻጩም አያውቀውም ማለት ነው።

የቆየ መኪና ላይ ድምፁን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ስፒከሩ ነው። ጠርዙ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ባሱ ይንኮሻኮሻል። አዲስ ስትገጥም ሁለት ነገር ተጠንቀቅ። አንደኛ፣ በስፒከሩና በበሩ ብረት መካከል ክፍተት አትተው። ከፊትና ከኋላ የሚወጣው አየር እዚያው ተገናኝቶ ይጣፋና ባሱ ይሟሽሻል። ዙሪያውን ስፖንጅ አድርግበት፤ የበሩን ትልልቅ ቀዳዳዎችም ድምፅ በሚያፍን ንጣፍ ሸፍናቸው። ውድ ስፒከር ክፍት በር ላይ ተሰቅሎ ከፋብሪካው ብሶ ሲጮህ ሰምቻለሁ። ሁለተኛ፣ ፕላስና ማይነሱን አታቀያይር። አንዱ በር ተገልብጦ ከተገናኘ አንዱ ስፒከር ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ዘፈኑ ይሰማል፣ ባሱ ግን የለም። ሰው ይሄኔ «ቴፑ ደካማ ነው» ብሎ ይደመድማል። ስፒከሩ ላይ ያለው ምልክት ከጠፋ ከቴፑ ሙሉ ለሙሉ ነቅለህ፣ ተራ ባለ 1.5 ቮልት የሰዓት ባትሪ ሁለቱ እግሮቹ ላይ ለቅጽበት ንካ። ኮኑ ወደ ውጭ ብድግ ካለ የባትሪው ፕላስ የነካው እግር ፕላስ ነው። ወደ ውስጥ ከገባ ተቃራኒው ነው።

ወደ ናቪጌሽኑ ስንመጣ፣ ብዙ ሰው የሚያምታታው ነገር አለ። ጂፒኤስ ኢንተርኔት አይፈልግም። ሳተላይቱ ይልካል፣ ያንተ መሣሪያ ይቀበላል፤ በቃ። ኢንተርኔት የሚፈልገው ካርታውና የትራፊኩ መረጃ ነው። ስለዚህ የምትሄድበትን አካባቢ ካርታ ቀድመህ ስልክህ ላይ ካወረድክ ኔትወርክ በሌለበትም ይመራሃል። ጉግል ማፕስ ላይ ይቻላል፤ ኦስማንድና ኦርጋኒክ ማፕስ ደግሞ ከመጀመሪያውም ለዚህ የተሠሩ ናቸው፣ ካርታቸውን የሚያገኙትም በጎ ፈቃደኞች ከሚሞሉት ኦፕን ስትሪት ማፕ ነው።

ከቴፑ ጋር የሚመጣው ናቪጌሽን ግን ቶሎ ያረጃል። ካርታው ካርድ ላይ ነው፤ ካላሳደስከው መንገዱ ሲቀየር እሱ አይቀየርም። የሳምንቱን ቁጥር እንኳ መቁጠር ያቃታቸው አሉ። የጂፒኤስ ሳምንት ቆጣሪ 1024 ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ኤፕሪል 6 ቀን 2019 እንደ ፈረንጆቹ ሲመለስ አንዳንድ የድሮ መሣሪያዎች ቀናቸውን 20 ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ወሰዱት። መኪናህ ለጃፓን ገበያ የተሠራ ከሆነማ ነገሩ ሌላ ነው፤ ካርታው የጃፓን ብቻ፣ ጽሑፉ ጃፓንኛ ነው። ሬዲዮውም ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ነው የሚይዘው፣ አዳዲሶቹ እስከ 95። ሌላው ዓለም በአብዛኛው ከ87.5 እስከ 108 ስለሚያሰራጭ ግማሹን ጣቢያ እንኳ አታገኝም። እንዲህ ዓይነቱን ሳታመነታ ቀይረው።

ካርፕሌይ ወይም አንድሮይድ አውቶ ሲሆን የሚያስበው ስልክህ ነው። ስልክ በቀየርክ ቁጥር ናቪጌሽንህም አዲስ ሆነ ማለት ነው። ሻጩ ያሳየህ ዓይነት አንድሮይድ ቴፕ ግን ራሱ ኮምፒውተር ነው። 2 ጊጋ ራም ያለው ካርታና ሙዚቃ አንድ ላይ ሲከፈትበት ይንገታገታል። አንዳንዶቹ ደግሞ ሴቲንጉ ውስጥ «አንድሮይድ 13» ብለው ይጽፉና ውስጣቸው የድሮ ነው። የግድ እሱን ከወደድክ 4 ጊጋ ራም ካለው አትውረድ፤ ድምፅ መጨመሪያው የሚዞር እውነተኛ ቁልፍ ያለውን ምረጥ። እየነዱ ስክሪን ላይ ቮልዩም መፈለግ እኔን ያናድደኛል።

ሽቦ አልባው ካርፕሌይ በብሉቱዝ ይተዋወቅና ሥራውን በዋይፋይ ይሠራል። ምቹ ነው፤ ረጅም መንገድ ላይ ግን ስልኩ ይግላል፣ ባትሪውም ይወርዳል። እኔ ሩቅ ስሄድ በኬብል ነው የምሰካው።

አሁን ገጠማው። ራስህ ትችላለህ፣ የፋብሪካውን ሶኬት እስካልቆረጥክ ድረስ። ይቺን አደራ እልሃለሁ። ለመኪናህ ሞዴል የተሠራ መሸጋገሪያ ሶኬት ግዛ፤ በአንድ በኩል መኪናው፣ በሌላ በኩል ቴፑ ይሰካበታል። ነገ ልመልሰው ብትል ነቅለህ ትመልሳለህ። መጠኑንም ቀድመህ ለካ። ነጠላው ቀዳዳ 180 በ50 ሚሊሜትር፣ ድርቡ 180 በ100 ነው። ብዙ ቶዮታዎች ላይ ወርዱ 200 ስለሆነ በጎን የሚሞላ ፍሬም ያስፈልጋል።

ሽቦው ላይ ቢጫው ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ያለው ነው፣ ሰዓቱንና የተቀመጡ ጣቢያዎችን የሚይዘው። ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ የሚመጣው ነው። ጥቁሩ ማሳ ነው፣ ከመኪናው ብረት ጋር የሚገናኘው። በአንዳንድ መኪኖች የቢጫና የቀዩ ቦታ ተገላብጦ ይመጣል፤ ስለዚህ ቀለም አትመን፣ በቴስተር ለካ። የአንድ ዘመዴን መኪና አንድ ገጣሚ ቢጫውንና ቀዩን አንድ ላይ ጠምዝዞ በናስትሮ ጠቅልሎለት ነበር። ቴፑ ቁልፍ ከወጣ በኋላም አይተኛም፤ ጠዋት ጠዋት መኪናው አልነሳም ይላል። ባትሪ ቀየረ፣ ዲናሞ አስመረመረ፣ ምንም። ናስትሮውን ስፈታው ነው ያገኘሁት፤ ሽቦዎቹን ለያይቼ ቀዩን ወደ ቦታው ስመልሰው ነገሩ አበቃ። ሁሉም ነገር ከጠፋ በኋላ ከባትሪው የሚወጣው ከ50 ሚሊአምፒር ካለፈ የሆነ ነገር አልተኛም ማለት ነው። ብዙ የአውሮፓ መኪኖች ላይ ደግሞ ቀዩ ሽቦ ጭራሹኑ የለም፤ «ብራ» የሚለው ትእዛዝ የመኪናው ኮምፒውተሮች በሚነጋገሩበት በካን ባስ መስመር ስለሚመጣ ያንን የሚያነብ ትንሽ ሳጥን መግዛት አለብህ። የመሪው ላይ ቁልፎች እንዲሠሩም ብዙ ጊዜ እሷው ነች የምታስፈልገው።

ከመጀመርህ በፊት የባትሪውን ማይነስ ንቀል። ከዚያ በፊት ግን የድሮው ቴፕ ኮድ የሚጠይቅ ዓይነት ከሆነ ኮዱን ፈልገህ ያዝ። ማይክሮፎኑን ወደ ፊት ምሰሶ ስትወስድ ሽቦው በኤርባጉ ፊት እንዳያልፍ፤ ከኋላው ይሂድ። የጂፒኤስ አንቴናውን ከብረት ሥር አትቅበረው፤ ፕላስቲኩ ሥር ፊቱን ወደ ሰማይ አድርገህ ለጥፈው። የኋላ ካሜራ ካለህ የማስነሻ ሽቦው ከኋላ ማርሽ መብራት ላይ ነው የሚያዘው።

ሁሉም አልቆ ነዳጅ ስትሰጥ አብሮ የሚወጣ ሲሲሲ የሚል ድምፅ ከሰማህ መጀመሪያ ማሳውን ፈትሽ፤ ቀለም ያልተቀባ ባዶ ብረት መንካት አለበት። አምፕ ካለህ ደግሞ የድምፅ ገመዱን ከኃይል ገመዱ አርቀህ በሌላኛው ጎን ዘርጋው። የአምፑ ኃይል ገመድ ከባትሪው በ45 ሳንቲሜትር ውስጥ ፊውዝ ይኑረው። ይሄኛው የእሳት ጉዳይ ስለሆነ ድርድር የለውም።

አንድ የቀረህ ነገር አለ። የመኪናህን ሞዴልና ዓመት አልጻፍክም። ከፋብሪካ አምፕ ያለው ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ወንበር ሥር ወይም የኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ይደበቃል፣ አምፑን የምታስነሳው ሰማያዊና ነጭ ሽቦ ካልተያዘች ቴፑ በርቶ ምንም ድምፅ አይወጣም። የምትገዛው መሸጋገሪያ ሶኬትም ይለያል። እሱን ጻፍልንና የትኛው ሶኬት እንደሚሆንህ እነግርሃለሁ።