በሩ ሳይሰበር ፋይል ከጠፋ፣ ከካሜራ በፊት ቁልፉን እይ

«የምሠራው አንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ ጠቅላላ አገልግሎት ውስጥ ነው። ከመዝገብ ቤት የይዞታ ማኅደሮች እየጠፉብን ነው። በሩ አልተሰበረም፣ መስኮቱም ደህና ነው። አለቆቼ ካሜራና በጣት አሻራ የሚከፈት በር ይገዛ ብለዋል። የትኛው ዓይነት ይሻላል?» ብላ አንዲት እህት ጠይቃኛለች።

እህቴ፣ ለጊዜው አንዱንም አትግዢ። በርና ቁልፍ ገጣሚ ነኝ፣ ገበያ እንዳይቀርብኝ ብዬ ይግዙ ማለት እችል ነበር። ግን በሩ ሳይሰበር ዕቃ ከወጣ የገባው ሰው ወይ ቁልፍ አለው ወይ ሌላ መንገድ አግኝቷል፤ ካሜራ ደግሞ ሁለቱንም አይዘጋም።

መጀመሪያ ቀና በይና ኮርኒሱን እይ። ብዙ መሥሪያ ቤት ትልቁ አዳራሽ በቺፑድ ወይም በጅብሰም ተከፋፍሎ ነው ቢሮ የሚወጣው። ግድግዳው ኮርኒሱ ጋ ያበቃል፣ ከበላዩ እስካለው ኮንክሪት፣ ሶሌታው ድረስ አይሄድም። ስለዚህ ጎረቤት ክፍል ጠረጴዛ ላይ የቆመ ሰው አንድ የኮርኒስ ንጣፍ አንስቶ ወደ እናንተ ይሻገራል፣ ንጣፉን መልሶ ሲያስቀምጠው ምንም አይታወቅም። አንዱን ንጣፍ አንሺና በባትሪ አብሪ። ክፍት ከሆነ ከግድግዳው ጫፍ እስከ ሶሌታው በአርኤችኤስ (አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) እና በፌሮ ፍርግርግ ይበየድበት። ይሄ ሳይዘጋ ስለ በር ማውራት ትርፉ ድካም ነው።

ኮርኒሱ ደህና ከሆነ ወደ ቁልፉ። የሌሎቹን ቢሮዎች ቁልፎች በሙሉ ሰብስቢና አንድ በአንድ መዝገብ ቤቱ በር ላይ ሞክሪ። አትሳቂ። ርካሽ ቁልፎች የጥርሳቸው ዓይነት ጥቂት ስለሆነ የአንዱ ቢሮ ቁልፍ የሌላውን ሲከፍት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ቀጥሎ ደግሞ ያ ቁልፍ ከተገጠመ ጀምሮ በስንት ሰው እጅ እንዳለፈ አስቢ፤ የተዛወረው፣ የለቀቀው፣ ጽዳቷ፣ ለአንድ ቀን ተውሶ የወሰደው። ቁልፍ ቀራጭ ደቂቃ አይፈጅበትም፣ የማን ነው ብሎም አይጠይቅም።

መፍትሔው በር መቀየር አይደለም፣ ሲሊንደሩን፣ ማለትም ቁልፉ የሚገባበትንና የሚዞርበትን ክፍል ብቻ ነው። በሩን ክፈቺውና ጠርዙን እይ። ከቁልፉ ምላስ በታች፣ በሲሊንደሩ ትክክል አንድ ረጅም ብሎን አለ። እሱን በካቻቢቴ ፍቺ፣ ቁልፉን አስገብተሽ ትንሽ አዙሪው፣ ሲሊንደሩ ይወጣል። አሮጌውን አትጣይው! ሰነድ መጥፋቱ ለፖሊስ ማመልከት የሚገባው ጉዳይ ስለሆነ መጀመሪያ አመልክቱ፤ ሲሊንደሩንም ቀን ጽፈሽበት በፖስታ አሽጊው፣ በሌላ መሣሪያ ተነካክቶ ከሆነ ውስጡ ጭረት ሊገኝ ይችላል።

አዲሱን ስትገዢ ልኩ ወሳኝ ነው። ከብሎኑ ቀዳዳ መሐል ጀምረሽ ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ለየብቻ ለኪ። 30 በ30 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል፣ 30 በ40ም ሊሆን ይችላል። በውጭ በኩል ከእጀታው ሽፋን ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ እንዳይወጣ። ሲሊንደር ቀጭኑ ቦታው ያ የብሎን ቀዳዳ ያለበት መሐሉ ስለሆነ፣ አፍጥጦ የወጣውን በፒንሳ ይዘው ሲጠመዝዙት እዚያው ላይ ይሰበራል። በውስጥ በኩል ቁልፍ ሳያስፈልገው በእጅ የሚዞረውን ዓይነት ምረጪ፤ ወረቀት በሞላበት ክፍል እሳት ቢነሳ ሠራተኛዋ ቁልፍ ስትፈልግ መገኘት የለባትም። በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነ ማጠፊያውንም እዪው። ፒኑ ከውጭ የሚወልቅ ከሆነ ጫፉን አስበይጂው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ማንም ሊሠራው ወደማይወደው። ከሲሊንደሩ ጋር የሚመጡት ቁልፎች ይቆጠሩ። አንዱ በፊርማ ለመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ፣ የተቀሩት ከነኮድ ካርዳቸው (የቁልፉ ቁጥር የተጻፈበት ካርድ ነው) በፖስታ ታሽገው፣ ማኅተምና የሁለት ሰው ፊርማ አርፎባቸው ካዝና ውስጥ። ፖስታው በተከፈተ ቁጥር ማን፣ መቼ፣ ለምን የሚል መዝገብ ይሞላ። ክሊራንስ ቅጹ ላይ «ቁልፍ» የሚል መስመር ጨምሩ፤ ላፕቶፕ መልስ የሚባል ሠራተኛ ቁልፍ መልስ ሳይባል የሚሄድበት መሥሪያ ቤት ብዙ ነው። ክፍሉ የሚጸዳው የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ስትኖር ብቻ ይሁን። ማኅደር ራሱም ያለ ፊርማ አይውጣ። ይሄ ሁሉ የሚያስከፍለው የአንድ ሲሊንደርና የአንድ ደብተር ዋጋ ነው።

ስለ ጣት አሻራው። አሻራ አንባቢው ራሱ በሩን አይይዘውም፣ ብዙ ጊዜ የሚይዘው ከላይ የሚገጠመው ማግኔት ነው። ገበያ ላይ የተለመደው 280 ኪሎ ይይዛል ይባላል፣ መብራት እስካለ ድረስ። መብራት ሲጠፋ ይለቃል። ብልሽት እንዳይመስልሽ፣ ሰው ውስጥ ተቆልፎ እንዳይቀር ሆን ተብሎ ነው እንዲህ የተሠራው። በ12 ቮልት ግማሽ አምፔር የሚወስድ ማግኔት በ7 አምፔር ሰዓት ባትሪ በወረቀት ላይ 14 ሰዓት ይቆያል፣ ባትሪው ሲያረጅ ግማሹንም ላያገኝ ይችላል። ዓርብ ማታ የሄደ መብራት ቅዳሜን ውሎ ካደረ መዝገብ ቤታችሁ ክፍት ነው ማለት ነው። የግድ ከተባለ በሲሊንደሩ ላይ ይጨመር እንጂ በሱ ቦታ አይግባ።

ካሜራም ቢሆን ስሌቱን ሥሪ። አራት ካሜራ እያንዳንዱ በሴኮንድ 2 ሜጋቢት ቢቀዳ በቀን ወደ 86 ጊጋባይት ይሆናል። 1 ቴራባይት ዲስክ በ11 እና በ12 ቀን መካከል ይሞላና አሮጌውን እያጠፋ መቅዳት ይጀምራል። የእናንተ ማኅደር መጥፋቱ የሚታወቀው ግን ባለጉዳዩ ከወራት በኋላ ሲመጣ ነው። የምታስገቡ ከሆነ ዲቪአሩ፣ ማለትም ምስሉን የሚቀዳው ማሽን፣ መዝገብ ቤቱ ውስጥ አይቀመጥ፣ ሰዓቱም ይስተካከል። ጥበቃው «ከሌሊቱ 8 ሰዓት» ብሎ የጻፈውን ማሽኑ 02:00 ብሎ ነው የሚመዘግበው፤ ይሄን የማያውቅ ሰው የተሳሳተ ሰዓት ሲያይ ያድራል።

ግዢው በፕሮፎርማ መሆኑ አይቀርም፣ ያው ዝቅተኛ ዋጋ ነው የሚያሸንፈው። «የበር ቁልፍ፣ ጥሩ ጥራት ያለው» ብለሽ ከጻፍሽ የገበያውን ውራ ታገኛለሽ። ልኩን፣ የቁልፎቹን ብዛት፣ የኮድ ካርድ መኖሩን፣ በውስጥ በእጅ የሚዞር መሆኑን፣ በኢኤን 1303 (የአውሮፓ የቁልፍ ሲሊንደር ደረጃ) የተፈተሸ መሆኑን በዝርዝር አስገቢ። የበሩን ጠርዝ ፎቶና ሁለቱን ልኮች ላኪልኝ፣ ዝርዝሩን አይቼ እመልስልሻለሁ።