መልስ፦ ገዳይ ምሕረት ካገኘ ኮሚሽኑ ምን ጠቀመ?

ሰላም ወንድሜ፣ በደቡብ አፍሪካ ገዳይ ጥፋቱን ተናግሮ ከተለቀቀ፣ የአፓርታይድ (የዘር መድልዎ አገዛዝ) ዘመን ግፎችን እንዲመረምር የተቋቋመው የእውነት ኮሚሽን ምን ፋይዳ ነበረው ብለህ ጠይቀሃል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን ምሕረቱ ለሁሉም አልታደለም። ከ7,000 በላይ ሰው አመልክቶ ያገኙት 849 ናቸው። አመልካቹ ድርጊቱ ፖለቲካዊ እንደነበር አሳይቶ ያደረገውን ሁሉ መዘርዘር ነበረበት። (ይቅርታ መጠየቅ ግን ግዴታ አልነበረም፤ ይሄ እስካሁን ይከነክነኛል።)

እ.ኤ.አ. በ1997 ጄፍሪ ቤንዚን የተባለ ፖሊስ ምሕረት ጠይቆ ኮሚሽኑ ፊት ቀረበ። ካሰቃያቸው ሰዎች አንዱ ቶኒ የንጌኒ፣ እንዴት ያፍናቸው እንደነበር በተግባር እንዲያሳይ ጠየቀው። ፖሊሱ አንድ ሰው በሆዱ አስተኝቶ፣ ጀርባው ላይ ሆኖ፣ ከረጢት ጭንቅላቱ ላይ ሲያጠልቅ አገር አየው። ከዚያ ወዲያ ማሰቃየት የሚባል ነገር አልነበረም ብሎ መካድ በጣም ከባድ ነው።

እኔን የሚያንገበግበኝ በኋላ የሆነው ነው። ምሕረት የተነፈጉትና ጭራሽ ያላመለከቱት መከሰስ ነበረባቸው። ወደ 300 የሚጠጉ ጉዳዮች ለዐቃቤ ሕግ ቢተላለፉም አብዛኞቹ ፍርድ ቤት ሳይደርሱ ቀሩ። ለተጎጂዎችም መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2003 የወሰነው የአንድ ጊዜ 30,000 ራንድ፣ ኮሚሽኑ ከጠየቀው እጅግ ያነሰ ነበር።