ማመልከቻው ዛሬ ማታ ይግባ፣ ወረቀቱ በኋላ ይሟላል

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጓደኛሽ በዲቪ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው። ከባሏ ተለይታ የ7 እና የ4 ዓመት ልጆቿን ይዛ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ አንቺ ቤት ሳሎን ውስጥ ናት። ሥራዋም በዚሁ ሰበብ ቆሟል። ፉድ ስታምፕ (የመንግሥት የምግብ ድጋፍ) እንዳትጠይቅ ወረቀቶቿ ባልየው ቤት ቀርተዋል፣ ደግሞም ግሪን ካርዴን ይነጥቁኛል ብላ ፈርታለች። እንዴት ልርዳት ነው ያልሽው። እኔ ሰው ይዤ ሶሻል ሰርቪስ መመላለስ ከጀመርኩ ሰባት ዓመት ሆኖኛል። ጠበቃ አይደለሁም፤ ያየሁትን ነው የምነግርሽ።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር። "ተለይታ" ስትዪ መማታት ወይም ማስፈራራት ካለበት ከፉድ ስታምፑ በፊት 1-800-799-7233 ደውሉ። የቤት ውስጥ ጥቃት መስመር ነው፣ 24 ሰዓት ይሠራል፣ አስተርጓሚም ያቀርባሉ። ሮክቪል ላይ ደግሞ የካውንቲው ፋሚሊ ጀስቲስ ሴንተር አለ። ስልኳ በባልየው ፕላን ላይ ከሆነ በአንቺ ስልክ ትደውል። ማንኛውም ደብዳቤ ወደ ድሮው ቤት እንዳይሄድ አድራሻውን ከወዲሁ አስቢበት። ለዛሬና ለነገ የሚበላውን 211 ደውለሽ ጠይቂ፣ ቅርብ ያለውን ፓንትሪ (ምግብ በነጻ የሚሰጥበትን ቦታ) ይነግሩሻል። በካውንቲያችን ማና ፉድ ሴንተርም ምግብ ያከፋፍላል። ለዚህ ማመልከቻውን መጠበቅ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ወረቀት እስኪሟላ አትጠብቁ። ፉድ ስታምፕ የሚታሰበው ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ ነው፤ ማመልከቻውን ለማስገባት ደግሞ ስም፣ አድራሻና ፊርማ ይበቃል። የቀረውን ባዶ ትታችሁት በኋላ ይሞላል። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ይህን አላውቅም ነበር። አንዲት እናትን "ሁሉንም ወረቀት እናሟላና አንድ ላይ እናስገባ" ብዬ ሦስት ሳምንት አስጠበቅኳት። ያ ሦስት ሳምንት ለሁለት ልጆች ምግብ ነበር፣ ተመልሶም አይመጣም። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ለዚህ ነው አሁን ማንም ሲጠይቀኝ መጀመሪያ "አስገብታችኋል ወይ?" የምለው።

የሶሻል ሰርቪስ ቢሮው መልስ ለመስጠት እስከ 30 ቀን አለው። ነገር ግን የወሩ ገቢዋ ከ150 ዶላር በታች ሆኖ በእጇም በባንክም ያላት ከ100 ዶላር ካልበለጠ በ7 ቀን ውስጥ ሊሰጧት ይገባል። ገቢዋና ያላት ገንዘብ ተደምሮ ከወሩ ኪራይና ከመብራትና ውሃ ክፍያዋ ካነሰም እንደዚያው። ለዚህ ለአስቸኳዩ መጀመሪያ የግድ የሚፈለገው ማንነቷን ማሳየት ብቻ ነው፤ ሌላውን ማስረጃ ቆይታ ታመጣለች። ቅጹ ላይ ጥያቄው አለ፣ ግን ሰው ዘሎት ያልፋል። በአፍም "ኤክስፒዳይትድ ስናፕ" (አስቸኳይ ፉድ ስታምፕ) በሉ።

ስለ ግሪን ካርዱ። እሷ በዲቪ የመጣች አዋቂ ስለሆነች ለራሷ ፉድ ስታምፕ ለማግኘት አብዛኛውን ጊዜ አምስት ዓመት መጠበቅ አለባት። ልጆቹ ግን አይጠብቁም። ግሪን ካርድ ያለው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ መጠበቂያ ጊዜ የለበትም። ብዙ የዲቪ ቤተሰብ ይህን ባለማወቅ "አምስት ዓመት አልሞላንም" ብሎ ቁጭ ይላል፣ በጣም ያሳዝነኛል። ስለዚህ የምታመለክተው ለልጆቹ ነው፤ የእሷም ገቢ ግን ይጠየቃል። ፍርሃቷን በተመለከተ ደግሞ፣ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለዜግነት ሲያመለክት "ፐብሊክ ቻርጅ" የሚባለው፣ የመንግሥት ጥገኛ ይሆናል ወይ የሚለው መመዘኛ አይነካውም። ከስድስት ወር በላይ ከአገር ወጥታ የመቆየት ሐሳብ ካላት ብቻ አስቀድማ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ታማክር። ይህን የምታነቡ ሌሎችም፣ በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ ግሪን ካርድ ገና ያልያዙ ስደተኞችንና አሳይለም (ጥገኝነት) የተፈቀደላቸውን ከፉድ ስታምፕ አስወጥቷል፤ አሜሪካ የተወለዱ ልጆቻችሁን ግን አልነካም፣ ለእነሱ ማመልከት ትችላላችሁ።

የ4 ዓመቱ ልጅ ዊክም (ለእናቶችና ለትንንሽ ልጆች የሚሰጠው የምግብ ድጋፍ) ይገባዋል፣ አምስት ዓመት እስኪሞላው ድረስ። ዊክ የኢሚግሬሽን ሁኔታ አይጠይቅም። ወተት፣ እንቁላል፣ አትክልት ነው፤ ነገ ደውሉ።

ከሁሉም በላይ የሚከብደው ማመልከቻው ከገባ በኋላ በስልክ የሚደረገው ኢንተርቪው ነው፣ እንግሊዝኛው ሳይሆን ይሉኝታችን። አንዲት እናት አጠገብ ቁጭ ብዬ ነበር፣ ስልኩ ስፒከር ላይ ነው። ኬዝ ወርከሯ (ጉዳዩን የያዘችው የቢሮው ሠራተኛ) በአስተርጓሚ "ቤት ውስጥ የሚበላ አላችሁ?" አለቻት። እናትየዋ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልጠፋም" አለች። አስተርጓሚው አንድም ሳያዛንፍ ተረጎመው። እኔ ጠዋት ፍሪጇን ከፍቼዋለሁ። ግማሽ ሽንኩርት፣ የበርበሬ ጠርሙስና ውሃ ነበር ያለው። እኛ "ተመስገን" ስንል ምስጋና ነው፤ ኬዝ ወርከሯ ጋ ሲደርስ ግን "ምግብ አላቸው" ተብሎ ይጻፋል። ስለዚህ ከኢንተርቪው በፊት ቁጭ በሉና ተለማመዱ። በእጅሽ ስንት አለ? 40 ዶላር። መጨረሻ ደሞዝ የገባልሽ መቼ ነው? ቀኑን ከነወሩ። ምግቡ ስንት ቀን ይቆያል? እስከ ሐሙስ። ቁጥር ቁጥሩን ትናገር። ምስጋናዋን ከስልኩ በኋላ ታድርስ።

ሌላው አንቺን ራስሽን የሚመለከት ነው። "አብራችሁ ነው የምትበሉት?" ይሏችኋል። የኛ ሰው እንግዳ አስተናግዶ "አይ፣ ለየብቻ ነን" ማለት ነውር ይመስለዋል። "እንዴታ! አንድ ትሪ ነው የምንቀርበው" ይላል። ሕጉ የሚጠይቀው ግን ምግብ አብራችሁ ትገዛላችሁ፣ አብራችሁስ ታበስላላችሁ ወይ ነው። አዎ ካላችሁ አንድ ቤተሰብ ናችሁ ተብሎ የአንቺና የባለቤትሽ ደሞዝ ተደምሮ ይታያል፣ ልጆቹም ሊቀርባቸው ይችላል። ዋሹ እያልኩ አይደለም፣ መዋሸት ወንጀል ነው። የምልሽ እውነቱን ለይታችሁ እወቁ። ለልጆቿ የምትገዛውንና የምታበስለውን በእርግጥ ለብቻዋ ካደረገች እንደዚያው ብላችሁ ተናገሩ፣ አንቺም በሁለት መስመር ጽፈሽ ፈርሚላት። እሁድ አንድ ላይ ቡና መጠጣት ይህን አይለውጠውም።

አስተርጓሚ በነጻ ነው። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረቱ ነው፣ የሚለመን ውለታ አይደለም። ስልኩ ሲነሳ "አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊዝ" ትበልና ትጠብቅ። የ7 ዓመቱን ልጅ በፍጹም አታስተርጉሙት። አንድ የ11 ዓመት ልጅ ለእናቱ ሲያስተረጉም አይቻለሁ። ስለ አባቱ የተጠየቀውን እየዘለለ ሌላ ሌላውን ብቻ ይመልስ ነበር፤ አይኑን መሬት ላይ ተክሎ። ልጅ ላይ ይህን መጫን አይገባም። አንቺም ብትሆኚ አጠገቧ ቁጭ በዪ እንጂ በእሷ ቦታ አትናገሪ። ሕይወቷ ነው፣ እሷ ትናገረው።

ስልኩ ብዙ ጊዜ በማይታወቅ ቁጥር ነው የሚደወለው። እኛ ደግሞ የማናውቀውን ቁጥር አናነሳም። የድምፅ መልእክት ሳጥኗ ሞልቶ ከሆነ ዛሬ ታጥፋው። ካመለጣት ራሷ ትደውል፤ በ30 ቀኑ ውስጥ ሌላ ኢንተርቪው ከጠየቀች የመጀመሪያው ቀን አይጠፋባትም።

ስም ላይ ተጠንቀቁ። ልጆቹ የአባታቸውን ስም ይዘዋል፣ እሷ የራሷን አባት። ለኬዝ ወርከሩ ሦስቱ የማይዛመዱ ሰዎች ሊመስሉት ይችላሉ። "በእኛ አገር የቤተሰብ ስም የለም፣ ልጅ የአባቱን ስም ነው የሚይዘው" ብላ ቀድማ ታስረዳ፣ የልደት ወረቀት ከተገኘም ታያይዝ። ለሁሉም ግሪን ካርዱ ላይ ያለውን ፊደል ብቻ ተጠቀሙ። አንድ ጊዜ በአንዲት "ኢ" ፊደል የተነሳ አንድ ቢሮ ማመልከቻ ሲመልስብን አይቻለሁ።

ደብዳቤ ከመጣ ፖስታው በመስኮት ላይ ሳምንት እንዳይቀመጥ። "ዲናይድ" (ተከልክሏል) ቢልም አትደንግጡ። ፌር ሂሪንግ (ውሳኔው እንደገና እንዲታይ አቤቱታ) ለመጠየቅ 90 ቀን አላት። ብዙ ጊዜ ችግሩ አንድ ወረቀት አልደረሰንም ነው፤ ሌጋል ኤይድ የሚባለው የሕግ ድጋፍ ድርጅት በነጻ ያግዛል።

ትምህርት ቤት። ጓደኛሽ "ልጄን ሆምለስ አታስብሉብኝ" እንደምትል እገምታለሁ፣ ሁሉም ይላታል። ቃሉ ያማል፣ አውቃለሁ። ነገር ግን ማኪኒ ቬንቶ የሚባለው ሕግ ቤት አጥቶ በሰው ሳሎን የሚያድረውን ልጅም ያጠቃልላል። ልጁ በድሮ ትምህርት ቤቱ መቀጠል ይችላል፣ መጓጓዣ ይመደብለታል፣ ምሳውም ነጻ ይሆናል። በዚህ ሳምንት ቤቱ ለተናጋበት ልጅ ከጓደኞቹ አለመለየት ትልቅ ነገር ነው። የትምህርት ቤቱን ካውንስለር ለብቻ አናግሩ።

የፉድ ስታምፑ ካርድ (ኢቢቲ) ሲመጣ ፒኑን ለማንም አትስጥ፣ 1234ም አታድርግ። የካርዱን መረጃ በማሽን እየቀዱ የሚሰርቁ አሉ፤ ከዲሴምበር 20፣ 2024 በኋላ የተሰረቀውን ደግሞ ፌዴራል መንግሥት አይተካም። ኢቢቲ የሚቀበል የሐበሻ ሱቅ ካለ እንጀራና ሽሮም ይገዛል። ሳሙናና ዳይፐር አይገዛም፣ እነሱን ከፓንትሪ ጠይቁ።

ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ የሜሪላንድን መንግሥት የፉድ ስታምፕ ማመልከቻ ድረ ገጽ ክፈቱ። ስም፣ አድራሻ፣ ፊርማ፣ ከዚያ ላኩት። ማረጋገጫ ቁጥሩን ፎቶ አንሺው። አንድ ቦታ ላይ ከተያዛችሁ በውስጥ ጻፊልኝ፣ እስከ አምስት ሰዓት አልተኛም። ስሟንና ያለችበትን ግን ግሩፑ ላይ አትጻፊ፣ ባልየውም እዚህ ሊኖር ይችላል።